125 ሲሲ ሞተሬ ሲሞቅ ይጠፋል፣ ቤንዚንም ይጨርሳል፤ ካርቡሬተሩን ከየት ልጀምር?

ዓሣ አመላላሹ፦

ሰላም ለሁላችሁ።

የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ የምተዳደረውም ዓሣ በማመላለስ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ወርጄ ጀልባዎቹ የሚያመጡትን ቀረሶና አምባዛ እረከባለሁ፣ በረዶ በያዙ ሁለት ሣጥኖች አድርጌ ከሞተር ብስክሌቴ ኋላ እጭናለሁ፣ ለሐሙሲትና ለወረታ ምግብ ቤቶች አደርሳለሁ። በጾም ወቅት ፈላጊው ስለሚበዛ በሳምንት አንድ ቀን ደብረ ታቦር ድረስ እወጣለሁ። ዓሣ ደግሞ አይጠብቅም። ፀሐይ ከበረታች በኋላ መንገድ ዳር ተንበርክኬ ካንዴላ (እሳት የሚጭረውን) ስጠርግ፣ ዓይኔ ካንዴላው ላይ ሳይሆን ከሣጥኑ ሥር ጠብ ጠብ በሚለው የበረዶ ውኃ ላይ ነው።

ሞተሩ ባለ አራት ምት 125 ሲሲ ነው። ካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ጋዝ ሲሰጡት ሽቦው በውስጡ ያለውን ፒስተን ወደ ላይ የሚስበው ተራው ዓይነት ነው። የዛሬ ዓመት ያገለገለ ገዛሁት፤ ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ ምንም አላስቸገረኝም። አንድ ሊትር ቤንዚን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬደኝ ነበር።

ችግሩ የጀመረው መስከረም ላይ ነው። መጀመሪያ ሚኒሞው (ጋዝ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) መዋዠቅ ጀመረ። ጋዙን ስለቀው ድምፁ ወዲያው አይወርድም፤ እንደ ጮኸ ጥቂት ይቆይና በድንገት ወርዶ ይጠፋል። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። የሠራልኝ ልጅ ትሑትና ታታሪ ነው፣ ስሙን ለማንሣት አልፈልግም። ካርቡሬተሩን አወረደ፣ በቤንዚን አጠበ፣ ጄቶቹን (ቤንዚን የሚያልፍባቸውን ባለ ቀጭን ቀዳዳ ዕቃዎች) በሽቦ ጠረገ፣ መልሶ ገጠመ፣ ብሎኖቹን አዞረ። ሚኒሞው ለሁለት ሳምንት ያህል ተስተካከለ። ከዚያ በኋላ ሌላ በሽታ መጣ።

አሁን የማየው ይህን ነው። ጠዋት ብርድ እያለ ያለ ቾክ (ለብርድ ማስነሻ ቤንዚኑን የሚያወፍረው) በመጀመሪያው ርግጫ ይነሣል፤ ቾክ ከሳብኩበት ይታፈናል። ሲሞቅ ግን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግሬ ፍጥነት ስቀንስ ይጠፋብኛል። ከጠፋ በኋላ ጋዙን ሙሉ በሙሉ ከፍቼ ደጋግሜ ካልረገጥኩት አይነሣም። ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ልብሴ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ ካንዴላው እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። ግማሽ ጋዝ ላይ እንደ ምንም ይሄዳል፤ ሙሉ ስከፍተው ይንተፋተፋል እንጂ አይስብም። በአንድ ሊትር የምሄደው አሁን 28 ኪሎ ሜትር ነው። ከወረታ ወጥቼ ዓለም በርን አልፌ ዳገቱን ስይዝ ደግሞ ይብስበታል፤ በሦስተኛ ማርሽ እወጣው የነበረው ዳገት አሁን ሁለተኛን ይጠይቀኛል። ይህ ሁሉ ሆኖ የመስከረሙም ችግር ጨርሶ አልለቀቀም፤ አልፎ አልፎ ሚኒሞው ከፍ ብሎ ይቆያል።

ያየው ሰው ሁሉ «ካርቡሬተሩን ቀይረው» ይለኛል። መቀየር ካለበት እቀይረዋለሁ፤ ግን በሽታውን ሳላውቅ ዕቃ መግዛት አልፈልግም። ካቻቪቴ፣ ፒንሳና ጥቂት ቁልፎች አሉኝ፤ እሑድ ደግሞ ሥራ የለኝም። ከየት ልጀምር?

መንገደኛው፦

ወንድሜ፣ ይህ ቀላል ነው። ጥቁር ጭስ ማለት ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው። በካርቡሬተሩ ጎን ያለችውን ትንሿን ብሎን እያዞርክ ቤንዚኑን ቀንስለት፤ ሞተሩ እስኪንገዳገድ ቀንስና ትንሽ መልስ። ካልበቃው ዋናውን ጄት በትንሽ ቁጥር ቀይረው። እኔ እንዲህ አድርጌ በሊትር 50 ኪሎ ሜትር እሄዳለሁ። ለካርቡሬተር መግዣ ገንዘብህን አታውጣ።

የወረታዋ ነጂ፦

መንገደኛው፣ በቅን ልብ እንደጻፍከው አውቃለሁ፤ ግን ይህን ምክር ሰምቼ ሞተሬን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ዝም ልል አልቻልኩም።

በጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በየቀበሌው በሞተር እዞራለሁ። ቤንዚን በጠፋበት ወቅት ለመቆጠብ ብዬ ዋናውን ጄት በሁለት ቁጥር ዝቅ አስደረግኩ። እውነት ነው፣ ቤንዚን ቆጠበልኝ። ሞተሩም ቀለል ያለ መሰለኝ። ነገር ግን ካንዴላውን ስፈታው ነጭ ሆኖ አገኘሁት፤ እንደ ጠመኔ ነጭ። ያን ጊዜ ንጹሕ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ነጭ መሆኑ ሞተሩ ከልክ በላይ እየጋለ መሆኑን እንደሚናገር የነገረኝ አልነበረም። መጋቢት ላይ፣ ቀትር ሰዓት፣ ከኋላዬ የክትባት ዕቃ ጭኜ ዳገት ስወጣ ከውስጥ ጠጠር የሚንኳኳ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ ሞተሩ ጉልበት አጣና ተያዘ። የሞተሩ ፒስተን ሲወጣ ጎኑ ተፍቆ ነበር። በጄት የቆጠብኩት ቤንዚን የፒስተኑንና የሲሊንደሩን ዋጋ አንድ አሥረኛ አይሞላም።

ዓሣ አመላላሹ፣ አንተም ከኋላህ ከባድ ጭነት አለህ። እባክህ ቤንዚን ቀንስ ያለህን ሁሉ አትስማ። መጀመሪያ ምክንያቱን ፈልግ።

የድሮ ጋራዥ፦

ልጄ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከሠላሳ ዓመት በላይ በሞተር ብስክሌትና በጀልባ ሞተር ላይ ሠርቻለሁ፤ ምልክቱን እንዲህ አንድ በአንድ ይዞ የሚመጣ ባለ ሞተር ግን ጥቂት ነው። ሳታውቀው ግማሹን መልስ ራስህ ጽፈኸዋል፤ ዳገቱን ስትይዝ ይብስበታል ብለሃል።

ካርቡሬተር ቤንዚን የሚለካው በአየር ጉልበት ነው። አየሩ በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ግፊቱ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ከታች ኩባያው ውስጥ ያለው ቤንዚን በጄቱ በኩል ወደ ላይ ይሳባል። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። ባሕር ዳር ያለችው 1,800 ሜትር ግድም ላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ካለው ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ያንሳል። ደብረ ታቦር ከ2,600 ሜትር በላይ ናት፤ እዚያ ከሩብ በላይ ቀንሷል። ሞተርህ ቤንዚን አንሶት ቢሆን ኖሮ ዳገቱ ላይ ይሻለው ነበር። የባሰበት ቤንዚን ስለበዛበት ነው። ያለ ቾክ መነሣቱም፣ ጋዙን ከፍተህ ስትረግጠው ብቻ መነሣቱም፣ ጥላሸቱም አንድ ቃል ነው የሚናገሩት።

አሁን ወደ መስከረም ልመልስህ። ጋዝ ተለቅቆ ድምፁ ከፍ ብሎ መቆየቱ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ አየር በዝቶበት ነበር። ስለዚህ ሞተርህ ሁለት በሽታ አለው፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ለመሸፈን የተሰጠ መድኃኒት ነው። የሆነ ቦታ አየር ይገባል፤ የሠራልህ ልጅ ቀዳዳውን አላገኘውም፣ ቤንዚን ጨመረበትና ድምፁ ተስተካከለ። ሁለት ሳምንት ቆየ፣ ቀዳዳው ሰፋ፣ ጭማሪው ግን እዚያው ቀረ። እኔም ወጣት ሳለሁ ይህን ስሕተት ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ በልጁ ላይ አልፈርድም።

እሑድ ስትነሣ ብሎን አትንካ። መጀመሪያ ፊልትሮውን አውጣና እየው። በዘይትና በአቧራ ከተደፈነ እሱ ብቻውን ካንዴላ ያጠቁራል፤ ስፖንጅ ከሆነ በሳሙና ውኃ እጠበው፣ ሳትጠመዝዝ ጨምቀው፣ ሲደርቅ ጥቂት ዘይት ቀባውና መልሰው። የቫልቮቹንም ክፍተት ሞተሩ ሙሉ ለሙሉ በቀዘቀዘበት ሰዓት አስለካ። ልኩ በሞተርህ መመሪያ ላይ አለ፤ በወረቀት ውፍረት የሚቆጠር ነገር ነው፤ እሱ ጠፍቶ ሚኒሞ አይስተካከልም።

ከዚያ ሞተሩን አሙቅና በሚኒሞ ተወው። የሳሙና ውኃ በመርጫ ይዘህ ካርቡሬተሩ ከሞተሩ ጋር በሚጋጠምበት ዙሪያ ጥቂት ጥቂት እርጭ። አረፋው ወደ ውስጥ ከተሳበ ወይም ድምፁ ከተለወጠ ቀዳዳው እዚያው ነው። አንዳንዶች ይህን በቤንዚን ያደርጉታል፤ አንተ እንዳታደርገው፣ የጋለ ማርሚታ አጠገብህ ነው።

ቀጥሎ ካርቡሬተሩን አውርድ። ወደ ሞተሩ የሚገጠመውን ፊቱን ንጹሕ መስታወት ላይ አስቀምጠውና በጣትህ ጥግ ጥጉን ተጫን። ከተወዛወዘ ጎብጧል ማለት ነው። ሁለቱን ብሎኖች ከመጠን በላይ ያጠበቀ ሰው ነው የሚያጎብጠው። ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት መስታወቱ ላይ ዘርግተህ ፊቱን በክብ በክብ አሽው፤ ብረቱ ዙሪያውን እኩል ሲያበራ ይበቃዋል። የላስቲክ ቀለበቱንም እየው፤ ጠፍጣፋ ከሆነ አዲስ ግዛ።

ከዚህ በኋላ ውስጡን ክፈት። የምፈልጋቸው አራት ነገሮች ናቸው። ከፒስተኑ ሥር የተንጠለጠለችው መርፌ ክሊፗ ከላይ ሲቆጠር ስንተኛው ቦይ ላይ ነው? በዋናው ጄት ላይ የተጻፈው ቁጥር ስንት ነው? ተንሳፋፊውን ጆሮህ አጠገብ ስትወዘውዘው ውስጡ ቤንዚን ይንቦጫቦጫል? ቤንዚን የሚዘጋው ሾጣጣ ጫፉ ላይ የቀለበት ምልክት አውጥቷል? እነዚህን ጻፍልኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ጄቶቹ በሽቦ ተጠረጉ ስትል ልቤ ደነገጠ። በብዙዎቹ የኬሂን (የካርቡሬተር ሠሪ ስም ነው) ዓይነት ጄቶች ላይ ቁጥሩ የቀዳዳው ዲያሜትር ነው፤ 100 ማለት 1 ሚሊሜትር ነው። ጄት ደግሞ ናስ ነው፣ የብረት ሽቦ ይፍቀዋል። 1 ሚሊሜትሩ 1.1 ከሆነ በዓይን የሚለይህ የለም፤ ቤንዚን የሚያልፍበት የቀዳዳው ስፋት ግን በ21 በመቶ ጨምሯል። አንተ ከዓሣ አስጋሪዎች ጋር ነው የምትውለው፤ ቀጭን የማስገሪያ ናይሎን ክር ለምናቸው። ለሚኒሞ ጄት ከሱ የተሻለ መጥረጊያ የለም፤ ያልፍበታል እንጂ አይቆርጠውም። ከዚያ ጎሚስታ ቤት ወስደህ በነፋስ አስነፋው።

ጀልባ ነጂ፦

የጋሼን ምክር የሚጨምር እንጂ የሚቀንስ የለኝም። ከውኃው በኩል አንድ ነገር ልናገር።

ጣና ላይ ቱሪስት ወደ ዘጌ ገዳማት የሚወስድ ጀልባ እነዳለሁ። ክረምት ላይ ሞተሬ ሐይቁ መሐል ይንተፋተፍና ይጠፋ ነበር፤ ካርቡሬተሩን ሦስት ጊዜ አሳጠብኩ። በኋላ አንድ ሰው ከኩባያው ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን ፈትቶ የወጣውን በብርጭቆ ተቀበለና ፀሐይ ላይ ያዘው። ከቤንዚኑ ሥር እንደ ዶቃ የተድቦለቦለ ውኃ ተቀምጧል። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጄቱም ያለው ከታች ነው። የመጣው ከጀሪካኑ ነበር።

በፕላስቲክ ጠርሙስ ቤንዚን ከገዛህ ከመቅዳትህ በፊት ጠርሙሱን አንድ አሥር ደቂቃ አቁመውና ታችኛውን እየው። ኩባያውን ስትከፍት ደግሞ ሥሩ ላይ ዝገት ወይም ነጭ ዝቃጭ ካለ ታንከሩንም ማጠብ ይኖርብሃል፤ አለዚያ ዛሬ የጠረግከው ጄት ነገ ይደፈናል።

ዓሣ አመላላሹ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉት አደረግኩ፤ ያየሁትን ልጻፍ።

ፊልትሮው ጥቁር ነበር፣ አጠብኩት። ቫልቮቹን አስለካሁ፣ የማስወጫው ትንሽ ጠብቦ ነበርና ተስተካከለ። የሳሙና ውኃውን ስረጭ በላይኛው በኩል ምንም የለም። በታችኛው ጥግ፣ እጅ በማይገባበት በኩል ስረጭ ግን አረፋው ጠፋ፣ ሞተሩም እንደ መታነቅ አለና ድምፁ ወረደ። እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰከንድ የተሰማኝን ደስታ ልገልጸው አልችልም፤ ሦስት ወር ያሠቃየኝን ነገር በዓይኔ አየሁት።

ካርቡሬተሩን አውርጄ የቤታችን መስታወት ላይ ሳስቀምጠው እንደ ጎደሎ ወንበር ተወዛወዘ። አራት ጊዜ የብርጭቆ ወረቀት ቀየርኩ። የላስቲክ ቀለበቱ ጠፍጣፋ ብቻ ሳይሆን አንድ ቦታ ተሰንጥቋል።

መርፌዋ አምስት ቦይ አላት፤ ክሊፗ አምስተኛው፣ የመጨረሻው ላይ ነበር። ተንሳፋፊው ደረቅ ነው። ሾጣጣው ጫፉ ላይ ስስ ቀለበት ሠርቷል። ዋናው ጄት 100 ይላል፤ የ1 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ተውሼ ጀርባውን ባስገባው እየተወዛወዘ ገባ፣ የቀዳዳውም ጠርዝ በአንድ በኩል ተጭሯል። የሚኒሞው ጄት 38 ነው፤ በናይሎን ጠረግኩት፣ ወደ ብርሃን ሳየው ክብ ነው። ብርጭቆ ውስጥ የቀዳሁት ቤንዚን ሥሩ ላይ ሁለት ሦስት የውኃ ጠብታ ነበረው፤ ጀልባ ነጂው ወንድሜ ልክ ነህ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ክሊፗን የት ላድርጋት? በጎን ያለችው ትንሿ ብሎን ደግሞ አየር ናት ወይስ ቤንዚን? አንዱ ስትከፈት ቤንዚን ትጨምራለች ይላል፣ ሌላው ትቀንሳለች ይላል።

የድሮ ጋራዥ፦

ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚያወሩት ስለተለያየ ካርቡሬተር ስለሆነ ነው። ብሎኗ ያለችበትን ቦታ እይ። ከፒስተኑ ወደ ፊልትሮው በኩል ካለች የአየር ብሎን ናት፤ ስትከፍታት አየር ይጨምራል፣ ቤንዚን ይሳሳል። ከፒስተኑ ወደ ሞተሩ በኩል ካለች የቤንዚን ናት፤ ስትከፍታት ይወፍራል።

ክሊፗን ሦስተኛው፣ መሐለኛው ቦይ ላይ አድርጋት። ክሊፕ ወደ ታች በወረደች ቁጥር መርፌዋ ከፍ ትላለች፣ ቤንዚን ይበዛል። ልጁ ወደ መጨረሻው ያወረዳት ለዚህ ነው። ሾጣጣውን ቀይረው፤ ሌሊት ሞተሩ ቆሞ ሳለ ቤንዚን ወደ ላይ የሚያስገባ እሱ ነው። ዋናውን ጄት ደግሞ ሁለት ግዛ፦ አንድ 100፣ አንድ 95። በካርቶን የሚመጣ ጄት ለኛ ከፍታ ተብሎ የተመረጠ አይደለም፤ ስለዚህ መንገዱ ይምረጥልህ።

ማስተካከሉን እንዲህ አድርግ። ትንሿን ብሎን በቀስታ እስክትቆም ዝጋት፤ አታጥብቃት፣ ጫፏ ስስ ናት፣ ከተጫንካት መቀመጫውን ትሰብራለች። ከዚያ አንድ ዙር ተኩል ክፈት። አሥር ደቂቃ ያህል ነድተህ ተመለስ፤ በብርድ ሞተር የተስተካከለ ሚኒሞ ሲሞቅ አይገኝም። ፒስተኑን በምትደግፈው በትልቋ ብሎን ድምፁን ከወትሮው ትንሽ ከፍ አድርገው። አሁን ትንሿን ሩብ ዙር አዙርና እጅህን አንሣ። ሞተሩ እስኪለምደው አምስት ስድስት ሰከንድ ጠብቅ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ ሳያዳምጥ ያዞራል። ድምፁ ከፍ ካለ በዚያው አቅጣጫ ሌላ ሩብ ጨምር፤ ከወረደ ተመለስ። ከሁሉ ፈጥኖና ሳይሰናከል የሚዞርበትን ቦታ ስታገኝ ተዋት። ከዚያ በትልቋ ብሎን ሚኒሞውን በደቂቃ ወደ 1,400 ዙር አውርደው። መቁጠሪያ ከሌለህ፣ የኋላ መብራቱ ሳይደበዝዝ ሞተሩም ሳይንቀጠቀጥ የሚቆይበት ዝቅተኛው ድምፅ ይበቃሃል። ጋዝ ሰጥተህ ልቀቅ፤ ወዲያው ወርዶ ከቆመ ጨርሰሃል። ከፍ ብሎ ከቆየ አየር ይበዛዋል፤ ከሚገባው በታች ወርዶ እንደገና ከተነሣ ቤንዚን ይበዛዋል።

ጥሩው ቦታ ከአንድ ዙር በታች ወይም ከሦስት ዙር በላይ ላይ ከተገኘ ብሎኗን ማሠቃየት ተው፤ የሚኒሞው ጄት ቁጥር አልተስማማም ማለት ነው።

ትንሿ ብሎን የምትገዛው ከዝግ እስከ አንድ ስምንተኛ ያለውን ጋዝ ብቻ ነው። ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ መርፌዋ ናት፤ ከዚያ በላይ ዋናው ጄት ነው። እጀታው ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፍና ሩቡን፣ ግማሹን፣ ሦስት አራተኛውን በእስክሪብቶ አስምር፤ ችግሩ የትኛው መስመር ላይ እንደሚመጣ ካወቅህ የትኛውን ዕቃ እንደምትነካ ታውቃለህ። ዋናውን ጄት ለመፈተን አዲስ ካንዴላ ግጠም፣ ቀጥ ባለውና መኪና በሌለበት መንገድ ላይ ሦስት አራት ኪሎ ሜትር ሙሉ ጋዝ ሰጥተህ ሂድ፣ ፍሪሲዮን ያዝና ሞተሩን እዚያው አጥፋ፣ ዳር ይዘህ ቁም። በሚኒሞ ወደ ቤት ከመለስከው ካንዴላው ስለ ሚኒሞ ነው የሚነግርህ። የተቆላ ቡና የመሰለ ቡናማ ከሆነ ደስ ይበልህ።

የወረታዋ ነጂ፦

ፈተናውን ከሐሙሲት ወዲህ ባለው ሜዳ ላይ ልታደርገው ከሆነ ጠዋት ከብት ወደ ግጦሽ የሚሻገርበትን ሰዓት አሳልፈው። ሣጥኖቹንም ሳታወርድ ሞክር፤ ሞተርህ የሚሠራው በዚያ ክብደት ነውና።

ዓሣ አመላላሹ፦

አምስት ቀን ቆይቼ ነው የምጽፈው፤ ሁለት ጊዜ ደብረ ታቦር ወጥቼ መመለስ ፈልጌ ነበር።

ብሎኗ የአየር ናት። አዲሱን ቀለበት፣ አዲሱን ሾጣጣ ገጠምኩ፣ ክሊፗን ሦስተኛው ላይ አደረግኩ። መጀመሪያ በ100 ጄት ሞከርኩት። ሚኒሞው በአንድ ዙር ከሦስት አራተኛ ላይ ቆመ፤ ጋዝ ሰጥቼ ስለቀው ወዲያው ይወርዳል። ሙሉ ጋዝ ላይ ግን ካንዴላው አሁንም ወደ ጥቁር ያደላ ነበር። 95 አደረግኩ፣ ካንዴላ ቀየርኩ፣ ሣጥኖቹን ጭኜ ከሐሙሲት አለፍ ብሎ ባለው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ እንደ ተነገረኝ ሄድኩና አጠፋሁት። የጋለውን ካንዴላ በጨርቅ ይዤ ሳወጣው እናቴ ለሦስተኛ ጊዜ የምታወርደውን ቡና መሰለ፤ ስሱ ቡናማ፣ ዳር ዳሩ ትንሽ ጠቆር ያለ። ነጭ እንዳልሆነ ደጋግሜ በፀሐይ አየሁት፤ የእህቴ የወረታዋ ነገር ከልቤ አልወጣም።

ማክሰኞና ሐሙስ ደብረ ታቦር ወጣሁ። ዓለም በርን አልፌ ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ጨረስኩት፤ ላይኛው ላይ ትንሽ ይከብደዋል እንጂ አይንተፋተፍም። ጠዋት አሁን ቾክ ይፈልጋል፤ አንድ ደቂቃ ያህል ይዤለት እመልሰዋለሁ። ቤንዚኑን በምልክት ለክቼ ነበር፣ ማክሰኞ በሊትር 38፣ ሐሙስ 39 ኪሎ ሜትር ሆነ።

የተጫረውን ጄት ለዚያ ጋራዥ ልጅ ወስጄ ከ1 ሚሊሜትሩ መሰርሰሪያ ጋር አሳየሁት። በጣቱ ይዞ ብዙ ጊዜ አየው። ናይሎን ክር ከየት እንደሚገኝ ጠየቀኝ፣ ከአስጋሪዎቹ የተቀበልኩትን ግማሹን ቆርጬ ሰጠሁት።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ሐሙስ ከደብረ ታቦር ስወርድ፣ ጋዝ ዘግቼ በማርሽ እየያዝኩ ቁልቁለቱን ስይዝ ማርሚታው ሁለት ሦስት ጊዜ ፖ ፖ ብሎ ተኮሰ። ከታች ወረታ ስደርስ ሚኒሞው ደህና ነው።

የድሮ ጋራዥ፦

ጋዝ ዘግተህ ቁልቁለት ስትወርድ ሚኒሞው ላይ ቤንዚን ትንሽ ይሳሳል፤ ያልነደደው ማርሚታው ውስጥ ይነዳል። የአየር ብሎኗን የአንድ ዙር አንድ ስምንተኛ ያህል ዝጋት፤ ካልተወ የማርሚታውን ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያውን ማሸጊያ) ሲሊንደሩ አፍ ላይ እየው፤ እዚያ አየር ከገባ ይተኩሳል። ሁለቱን በአንድ ቀን አትንካ፤ ብሎኗን ዝጋና አንድ ጊዜ ወጥተህ ውረድ፤ ከዚያ ጻፍልኝ።